ቶሮንቶ ለትምህርት ስትሄዱ የት ትረፉ? ሆምስቴይ፣ ዶርም ወይስ የዘመድ ቤት

ቪዛ ከተመታ በኋላ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ማን ቤት ልታርፍ ነው?» እኔ ሦስቱንም ቀምሻለሁ። መጀመሪያ ሆምስቴይ ገባሁ፣ ማለትም እየከፈልኩ የማላውቃቸው ካናዳውያን ባልና ሚስት ቤት አብሬ ኖርኩ። ቀጥሎ ዶርም ያዝኩ። በመጨረሻም የእናቴ አክስት ልጅ ቤዝመንት ውስጥ ከረምኩ። የምጽፈው ስለ ቶሮንቶ ብቻ ነው። ሌላ ክፍለ ሀገር ከሆነ ሕጉም ዋጋውም ይለያያል።

ከገንዘቡ እንጀምር። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ብቻውን የሚሄድ ተማሪ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ወጪ ሌላ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዳለው ማሳየት አለበት። እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ 10,000 ብቻ ነበር። አዲሱን ለ12 ወር ብታካፍሉት በወር 1,900 ገደማ ይደርሳል። ቶሮንቶ ውስጥ ምግብ ያለው ሆምስቴይ ብዙ ጊዜ በወር ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። ውድ ይመስላል። ግን መብራቱ፣ ውኃው፣ ማሞቂያው፣ ዋይፋዩ፣ አልጋውና እራቱ በውስጡ አለ። በጥር ብርድ ማሞቂያ በሰው ሂሳብ ሲሆን ደስ ይላል።

የሆምስቴይ ዋጋ ላይ የሚያሳስተው «ምግብን ይጨምራል» የሚለው ቃል ነው። ስንት ጊዜ? አንዳንዱ ሦስቴ ይላል። አንዳንዱ ቁርስና እራት ብቻ። ምሳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ማቀዝቀዣ ውስጥ ዳቦና አይብ አለ፣ ራስህ ሠርተህ ያዝ» ማለት ነው። በዚያ ላይ አገናኝ ድርጅቱ፣ ደላላው ብንለው ይቀላል፣ የራሱን ክፍያ ለብቻ ይቀበላል።

ዶርም በብዛት የሚከፈለው ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ላለው 8 ወር ነው። የምግብ ፕላን ሲጨመርበት 15,000 ዶላር የሚያልፍ ብርቅ አይደለም። የፈረንጅ ገና ሲደርስ የሚዘጋ ዶርምም አለ። እዚያ አገር ቤተሰብ የሌለው ሰው በዚያ ብርድ ሻንጣውን ይዞ የት ይሄዳል? ሳትከፍሉ በፊት ይህን ጠይቁ።

የዘመድ ቤት ነጻ ነው። ማለትም በወረቀት። እኔ ኪራይ አልከፈልኩም፣ ግን ቅዳሜ ልጆች እጠብቃለሁ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ አስተናግዳለሁ፣ በረዶ ሲጥል በር ላይ ያለውን የምዝቀው እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ይሉኝታ አለ እንጂ። በፈተና ሳምንት «ዛሬ አልችልም» ማለት ኪራይ ከመክፈል ይከብዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ሕጉ ነው። ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር፣ በኦንታሪዮ፣ አንድ ተከራይ ከቤቱ ባለቤት ወይም ከባለቤቱ የቅርብ ቤተሰብ ጋር ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት የሚጋራ ከሆነ፣ የክፍለ ሀገሩ የተከራዮች ሕግ አይመለከተውም። ራሱን የቻለ ቤት የተከራየ ሰው በሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ «ውጣ» አይባልም። ለጉዳት መያዣ ተብሎም ገንዘብ ሊጠየቅ አይችልም፤ የሚፈቀደው የመጨረሻ ወር ኪራይ ብቻ ነው። ሆምስቴይ ግን በአብዛኛው ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። ያላችሁ ነገር የፈረማችሁት ውል ነው። እኔ ሳላነብ ፈረምኩ። አንድ ወር ቀድሜ ስለወጣሁ አገናኙ ድርጅት ያስያዝኩትን ገንዘብ አስቀረው። ብጽፍ፣ ብደውል፣ «ውሉ ላይ አለ» ብቻ። እውነትም ነበረ፣ አራተኛው ገጽ ላይ። ስለዚህ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ለመውጣት የስንት ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል? መያዣው የሚመለሰው መቼ ነው?

አሁን ወደ ማዕዱ። በሆምስቴይ የሚከብደው ምግቡ አይደለም፣ አበላሉ ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ «ኧረ በቃኝ» ይባላል፣ ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች፣ ሁለተኛም እንቢ ይባላል፣ በሦስተኛው ይጨመራል። እዚያ የመጀመሪያ ማታ «ትጨምራለህ?» ስባል «አይ፣ በቃኝ» አልኩ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ሳህኑን አነሳችው። ሌሊቱን በረሃብ አደርኩ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል አንዴ ሲጠይቁኝ «እሺ» ለማለት። «ስሜን ጥራኝ» ማለታቸውም እንዲሁ። የእናቴ እኩያ የሆነችን ሴት በባዶ ስሟ መጥራት አንደበቴን ያስረኝ ነበር።

ሰዓቱም አለ። እራት 6 ሰዓት ነው ሲሉ የኛ 12 ሰዓት ማታ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ስለሆነ እራቱ እኩለ ሌሊት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ተማሪ ከግቢ ውጭ በሳምንት እስከ 24 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል፣ ሥራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማታ ሺፍት ነው። ሌሊት በር ሲንኳኳ ደስ የማይላቸው ቤተሰቦች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። ማታ ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ሆምስቴይ አይመቻችሁም።

ጾም ላይ ግን ሆምስቴይ ከጠበቅኩት በላይ ተመቸኝ። «ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ» ስል ግራ ተጋቡ። «በጾም ቀን ቪጋን ነኝ» ስል ወዲያው ገባቸው። ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን ግን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፣ ድንገት ሲሰሙት ይደነግጣሉ። ሙስሊም ከሆናችሁ ሐላል ሥጋ ማን እንደሚገዛና ለሱሑር ወጥ ቤት መጠቀም እንደሚቻል ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ዶርም ውስጥ ሥጋ የሌለው ምግብ አይጠፋም፣ ግን ብዙ ክፍሎች ምድጃ የላቸውም። ሻማና ዕጣንም በአብዛኛው ክልክል ነው። ከዘመድ ቤት የሚስተካከል የለም። ሽሮው አለ፣ እንጀራም የሐበሻ ሱቆች ካሉበት ከዳንፎርዝ መንገድ ይመጣል።

ቡናን በተመለከተ አንድ ልንገራችሁ። ሆምስቴይ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ላስደስታቸው ብዬ ቡና ቆላሁ። የጭስ አላርሙ ቤቱን አናጋው። ባልየው ፎጣ እያራገበ መጣ። ከዚያ ወዲህ በጓሮ በር ላይ ነው የምቆላው፣ እነሱም ስኒ ይዘው ይጠብቃሉ። ዶርም ቢሆን ሕንጻው በሙሉ ወደ በረዶው ይወጣ ነበር።

እንግሊዝኛ ለማሻሻል ከሆነ ሆምስቴይን የሚያህል የለም። ከክፍል የበለጠ የተማርኩት እራት ላይ ነው፤ እንዴት እንደሚቀለድ፣ ስልክ ላይ ባንክ ሲያመላልስህ እንዴት እንደሚቆጣ። ዶርም ውስጥ እንግሊዝኛው የወጣቶች ነው፣ ጓደኛም ቶሎ ይገኛል። ዘመድ ቤት ግን በአማርኛ ወጥቼ በአማርኛ እገባ ነበር።

እኔ ዳግም ብጀምር የመጀመሪያውን ሴሚስተር፣ አራት ወር፣ በሆምስቴይ አሳልፌ ከጓደኞች ጋር ቤት እከራያለሁ። የዓመት ሙሉ ግን በአንዴ አልከፍልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት የሚወጣ የ18 ዓመት ልጅ፣ ቤተሰቡ አቅም ካለው፣ ዶርም ይግባ። ከ17 ዓመት በታች ያለ ግን በካናዳ ሕጋዊ ኃላፊ ያስፈልገዋል። ይህን ሆምስቴይ የሚያገናኘው ድርጅት ያመቻች እንደሆነ ጠይቁ። ዘመድ ቤት ለመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ወርቅ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የምትሠሩት ሥራና የምትሰጡት ገንዘብ ከመጀመሪያው ይነገር።

ሆምስቴይ ከመረጣችሁ ሳትከፍሉ በፊት በቪዲዮ ደውሉላቸው። ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ ማጠቢያ ማሽኑን ያሳዩአችሁ። ከአውቶቡስ ፌርማታ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቁ፣ በበረዶ እጥፍ ነው። እነሱም ይጠይቋችኋል። እኔን ድመት ትፈራ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልፈራም አልኩ። ስንት እንዳሏቸው ግን አልጠየቅኩም፤ ሦስት ነበሩ፣ አንዷ ደግሞ አልጋዬ ላይ ካልሆነ አትተኛም።