ኤድንብራ ለብቻው የሚሸጥ «የሬጅመንት ሙዚየም ትኬት» እንዳትገዙ

በብሪታንያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ ለሚጓዙ ወገኖች በአማርኛ ተዘጋጅቶ በስልክ የሚሰራጭ አንድ የጉብኝት ማስታወቂያ አለ። በኤድንብራ መሀል ከተማ የሚገኝ የሬጅመንት (የጦር ክፍል) ታሪክ ሙዚየም ያለ ወረፋ፣ በአማርኛ ተናጋሪ አስጎብኚ፣ «የመቅደላ ቅርሶችን ጨምሮ» ለማስጎብኘት ቃል ይገባል፤ ዋጋውም ለአንድ ሰው 38 ፓውንድ ነው። ሊድስ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይህንኑ ትኬት ገዝቶ ስለነበር ነገሩ በምን እንዳለቀ በቦታው ተገኝቼ አይቻለሁ። ያየሁትን የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ በዚሁ መንገድ ገንዘቡን እንዳያጣ ነው።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ሙዚየሞቹ የት እንዳሉ ነው። ኤድንብራ ያሉት የሮያል ስኮትስ ሙዚየምና የሮያል ስኮትስ ድራጉን ጋርድስ ሙዚየም የሚገኙት በኤድንብራ ካስል (በከተማዋ ጥንታዊ ምሽግ) ቅጥር ውስጥ ነው፤ የስኮትላንድ ብሔራዊ የጦርነት ሙዚየምም እዚያው ነው። የካስሉን መግቢያ ትኬት የገዛ ጎብኚ ሦስቱንም ሌላ ክፍያ ሳይጠየቅ ያያል፤ የካስሉን ትኬት ያልያዘ ሰው ግን ከዋናው በር ስለማያልፍ ወደ አንዳቸውም ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ «የሙዚየም ትኬት» ተብሎ ለብቻው የሚሸጠው ወረቀት የካስሉን መግቢያ ካልጨመረ ከንቱ ነው፤ ከጨመረም ሻጩ ካስሉ ራሱ በድረ ገጹ የሚሸጠውን ትኬት በላዩ ጨምሮ እየሸጠ ነው ማለት ነው። ካስሉን የሚያስተዳድረው ሂስቶሪክ ኢንቫይሮንመንት ስኮትላንድ የተባለው የመንግሥት ተቋም ሲሆን፣ አስቀድሞ በኢንተርኔት ለሚገዛ ሰው የሚያስከፍለው ዋጋ በዕለቱ በር ላይ ከሚከፈለው ያነሰ ነው።

ወንድሜ የተላከለት ወረቀት ባርኮድም የካስሉ ፎቶም ነበረው። ከግርጌው ላይ ግን «የካስሉን መግቢያ አይጨምርም» የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። በአማርኛ የተጻፈው ማስታወቂያ ይህን መስመር አልያዘም፤ ገዢው የሚያገኘው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከበሩ ፊት ባለው ሰፊ አደባባይ ላይ ትኬት የምትቆጣጠረው ሠራተኛ ባርኮዱን በመሣሪያዋ ደጋግማ ሞከረችው፣ መሣሪያው ግን አልተቀበለውም። በትሕትና እንዲህ ያለ ትኬት ከእነርሱ እንደማይወጣና ለሙዚየሞቹ ብቻ የሚሸጥ መግቢያ የሚባል ነገር ጨርሶ እንደሌለ አስረዳችን። አስጎብኚ የተባለው ሰው በቀጠሮው ሰዓት አልመጣም፤ ስልኩም አይነሣም። ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ከመመለስ ብሎ ለቤተሰቡ እንደገና በበር ዋጋ ከፈለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የካስሉ ትኬት ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ይህን ዕድል እንኳ ሳያገኝ ከበር የሚመለስ ቤተሰብ ይኖራል ብዬ እሰጋለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ እጅግ ያሳዘነኝ የመቅደላ ስም መነገጃ መሆኑ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለጠላት እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠውተው፣ መቅደላ በጄኔራል ናፒየር ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ እንደተሸጠ በታሪክ ተመዝግቧል። ብዙው ዕቃ በመኮንኖችና በወታደሮች እጅ ወደ ብሪታንያ ስለሄደ፣ ከጊዜ በኋላ ከፊሉ ወደ ሬጅመንት ሙዚየሞች መግባቱ እውነት ነው። ማስታወቂያው የተንጠለጠለው በዚህ እውነት ላይ ነው፤ ማንኛችንም ብንሆን እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ ልባችን ይነሣልና ዋጋውን ሳናመዛዝን እንከፍላለን።

ሆኖም የትኛው ሬጅመንት በዘመቻው እንደነበረ ማወቅ ቀላል ነው። በዘመቻው ተሳትፈው «አቢሲኒያ» የሚለውን የጦር ሜዳ ክብር (ለተሳተፉበት ዘመቻ የሚሰጥ የክብር ስም) ያገኙት የብሪታንያ ሬጅመንቶች እግረኞቹ 4ኛው፣ 26ኛው፣ 33ኛውና 45ኛው፣ ከፈረሰኛ ደግሞ 3ኛው ድራጉን ጋርድስ ናቸው። በ1633 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሮያል ስኮትስ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሮያል ስኮትስ ድራጉን ጋርድስ በበኩሉ ከመቅደላ ጋር የሚገናኘው በውርስ ነው፤ 3ኛው ድራጉን ጋርድስ በ1922 እ.ኤ.አ. ከሌላ ፈረሰኛ ጋር ተቀላቅሎ፣ ያም በ1971 እ.ኤ.አ. ከስኮትስ ግሬይስ ጋር ተዋሕዶ ነው የዛሬው ሬጅመንት የተፈጠረው። በመዋሐድ የተወረሰ የጦር ሜዳ ክብር አለ ማለት የመቅደላ ቅርስ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል ማለት አይደለም። የሙዚየሙ ትልቁ መስህብ ሳጅን ቻርልስ ኢዋርት በ1815 እ.ኤ.አ. በዋተርሎ ጦርነት ከፈረንሳዩ 45ኛ እግረኛ ሬጅመንት የማረከው የንስር ዓርማ ነው፤ እርሱን ለማየት መሄድ በእውነት የሚያስቆጭ አይደለም።

ማስታወቂያው የለጠፈው ፎቶ ሐሰቱን በግልጽ ያሳያል። በፎቶው የሚታየው ባለብዙ እርከን የወርቅ ዘውድ ከመቅደላ የተወሰደ መሆኑ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ንብረትነቱ ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው እንጂ ኤድንብራ ውስጥ ካለ ከማንኛውም ሬጅመንት ጋር ግንኙነት የለውም። ወደዚያ ሙዚየም መደበኛ ስብስቦች ለመግባትም ክፍያ አይጠየቅም። ማስታወቂያው በተጨማሪ «ታቦታችን የተገኘባት ከተማ» እያለ ይጽፋል። በኤድንብራ ፕሪንስስ ስትሪት ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት ግን በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመልሶ ሕዝብ በእልልታ ተቀብሎታል። የብሪቲሽ ሙዚየም የያዛቸው 11 ታቦታትም ቢሆኑ ለሕዝብ እይታ የማይቀርቡ ስለሆኑ፣ ታቦት አሳያችኋለሁ የሚል ማንኛውም አስጎብኚ የማይችለውን ነገር እየሸጠ ነው። እንደ ምእመንም እንዲህ ያለው ንግድ ያማል።

በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ወጥመድ ሊኖር ይችላል። በካርዲፍ መሀል ከተማ የዌልስ ወታደሮችን ታሪክ የሚያሳየው ፋየሪንግ ላይን ሙዚየም በካርዲፍ ካስል ውስጥ ስለሆነ መግቢያው ከካስሉ ትኬት ጋር ነው። በመቅደላ የዘመተው የ4ኛው ሬጅመንት፣ ማለትም የኪንግስ ኦውን፣ ሙዚየም በላንካስተር ገበያ አደባባይ ባለው የከተማው ሙዚየም ሕንጻ ውስጥ ነው። በአንጻሩ ለንደን ቼልሲ ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር ለኢትዮጵያ የመለሰው ማለት ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። የራሳቸውን መግቢያ የሚያስከፍሉም አሉ፤ ለምሳሌ ለንደን ዌሊንግተን ባራክስ ያለው የጋርድስ ሙዚየም ያስከፍላል። ትኬት ያስፈልግ እንደሆነና ስንት እንደሆነ ከሙዚየሙ ከራሱ ድረ ገጽ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ለአንድ የተወሰነ ቅርስ ብላችሁ የምትጓዙ ከሆነ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ዕቃው በዚያ ሳምንት ለእይታ መቅረቡን በኢሜይል ጠይቁ፤ ሙዚየሞች ካላቸው ስብስብ ውስጥ የሚያሳዩት ጥቂቱን ሲሆን ብዙው በመጋዘን ነው።

ገንዘቡን ለከፈላችሁ ደግሞ የሚከተለው ይጠቅማል። ሻጩ ለወንድሜ «የቀን ቀጠሮ ያለው ትኬት ስለሆነ አይመለስም» የሚል መልስ ሰጥቷል። ለተወሰነ ቀን በተያዘ የመዝናኛ አገልግሎት ላይ የ14 ቀን የመሰረዝ መብት እንደማይሠራ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሐሳቡን ለለወጠ ገዢ የተነገረ እንጂ ቃል የተገባለትን ነገር ጭራሽ ላላገኘ ገዢ አይደለም። የተባለው ካልቀረበ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት ገንዘቡን መጠየቅ ይቻላል። በዴቢት ካርድ የከፈለ ሰው ባንኩን «ቻርጅባክ» (ባንኩ ክፍያውን ከሻጩ እንዲያስመልስ) ብሎ ይጠይቅ፤ የጊዜ ገደቡ ብዙውን ጊዜ 120 ቀን ስለሆነ መዘግየት አይገባም። በክሬዲት ካርድ ለከፈለ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ከባንኩ ራሱ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ይህ ግን የአንዱ አገልግሎት ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ሲሆን ነው እንጂ የነጠላ ትኬቶች ድምር አይቆጠርም። በቀጥታ ወደ ሰው የባንክ ሒሳብ የተላከ ገንዘብ ቻርጅባክ ስለሌለው ለማስመለስ እጅግ ይከብዳል፤ ሻጩ በዚህ መንገድ ክፈሉ ካለ አትክፈሉ።

ክፍያው ሊጠናቀቅ ሲል በእያንዳንዱ ትኬት ላይ 4 ፓውንድ «የአገልግሎት» ተጨምሯል። ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገዢ ሊያመልጠው የማይችለውን ክፍያ መጀመሪያ ከሚታየው ዋጋ ለይቶ መደበቅ በብሪታንያ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይህም ለብቻው አቤቱታ ሊቀርብበት ይችላል። በእንግሊዝና በዌልስ የምትኖሩ ለሲትዝንስ አድቫይስ፣ በስኮትላንድ የምትኖሩ ደግሞ ለአድቫይስ ዳይሬክት ስኮትላንድ ለተባሉት የምክር ተቋማት ብታሳውቁ ጉዳዩ ወደ ንግድ ተቆጣጣሪዎች ይተላለፋል። ከዚያ በፊት ግን ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና ደረሰኙን ከስልካችሁ ስክሪን ሾት አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ ወንድሜ ቅሬታውን ባቀረበ ማግስት ማስታወቂያው ጠፍቶ ከቀናት በኋላ በሌላ ስም፣ ያንኑ የዘውድ ፎቶ ይዞ ተመልሷልና።