በጧፍ ብርሃን ከሩቅ ለማንሳት የትኛው ሌንስ ይሻላል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰርግና ንግሥ የሚያነሱ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ማታ የሚሠራ፣ ከሩቅ የሚስብ፣ ኪስ የማይጎዳ ሌንስ የቱ ነው?» ሦስቱን አሟልቶ የያዘ እስካሁን አላየሁም። ማታ የሚሠራና ከሩቅ የሚስበው ውድ ነው፤ ከሩቅ የሚስብና ርካሽ የሆነው ደግሞ ማታ አይሠራም። እኔ የምመክረው መሳቡን ቀነስ አድርጎ ብርሃኑን መያዝ ነው።

የመጀመሪያ ሌንሴ ካኖን 75-300 ነበር፤ ምን ያህል ከሩቅ እንደሚስብ የሚያሳየው 300 የሚለው ቁጥር ማርኮኝ ገዛሁት። በአንድ የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ከቅኔ ማኅሌቱ በር ላይ፣ ከሊቃውንቱ 12 ሜትር ያህል ርቄ ቆምኩ። ብርሃኑ ጧፍና አንዲት አምፖል ብቻ ነው። ፍላሽ አይታሰብም፤ በጸሎት መሀል ብልጭ ማድረግ ነውር ነው፣ የጧፉንም መልክ ይገድለዋል። ካሜራውን የበሩ መቃን ላይ ደገፍ አድርጌ፣ ወረቡ ሞቅ ሲል አንድ አረጋዊ መሪጌታ ጽናጽላቸውን ሲመቱ አነሳኋቸው። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የጥምጥማቸው እጥፋት ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ከክርናቸው በታች ግን እጅ የለም፣ እንደ ጢስ የተዘረጋ ነጭ ነገር ብቻ ነው። የዚያ ሌሊት ፎቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲሁ ነበር። መሪጌታው ዛሬ በሕይወት የሉም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ በሰፊው ይከፈታል፤ ያ ሌንስ ግን እስከ መጨረሻው ሲስብ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ከዚያ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። በተግባር ሲታይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ላይ በኤፍ 1.8 በ1/200 ሰከንድ የሚነሳው ፎቶ በኤፍ 2.8 ወደ 1/80 ይወርዳል፣ በኤፍ 5.6 ደግሞ ወደ 1/20። ጽናጽል የያዘ እጅ 1/200 ላይ ቆሞ ይገኛል፤ 1/80 ላይ ጫፉ ይደበዝዛል፤ 1/20 ላይ ይጠፋል። በአይኤስኦ ልሸፍነው ካላችሁ 32000 አካባቢ ይፈልጋል፤ እንደ ካኖን 600ዲ ያለ ካሜራ ደግሞ ከ12800 አያልፍም።

ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ፣ ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ) ለያዘ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ካኖን 85 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8 ነው። የ1992 ሌንስ ነው፣ 425 ግራም ይመዝናል፣ ፎከሱ ፈጣንና ድምፅ አልባ ነው። «85 ምን ይስባል?» ትሉ ይሆናል። በ12 ሜትር ርቀት ክሮፕ ካሜራ ላይ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር የሚሆን ቦታ ይይዛል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት አራት ሊቃውንት ከእግር እስከ ራስ ይገባሉ ማለት ነው። የአንዱን ፊት ብቻ ከፈለጋችሁ ፎቶውን በኋላ ትቆርጣላችሁ። እንደ 600ዲ ያለ የ18 ሜጋፒክስል ካሜራ ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ቢቆረጥ 4.5 ሜጋፒክስል ይተርፈዋል፤ ለአልበም ገጽ ይበቃል። ጥርት ያለ ፎቶ ሲቆረጥ ከደበዘዘ ትልቅ ፎቶ ይሻላል።

ጉድለትም አለው። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በነጭ ነጠላ ጠርዝና በጧፍ ነበልባል ዙሪያ ሐምራዊ መስመር ያወጣል፤ ወደ ኤፍ 2.2 ወይም 2.5 ሲጠብ ይቀንሳል። በ5 ሜትር ርቀት ጥርት የሚለው ጥልቀት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ስለሆነ ፎከሱን ዓይን ላይ ማሳረፍ ግድ ነው።

ከፍ ያለ ገንዘብ ያለው 135 ሚ.ሜ ኤፍ 2ን ያያል። በ12 ሜትር የሚይዘው ወርድ 2 ሜትር ነው፣ በብርሃን ከ85ቱ እምብዛም አያንስም፤ ክብደቱ 750 ግራም ይደርሳል፣ ዋጋው ግን በብዙ ይርቃል። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላላቸው እውነተኛው ምርጫ እሱ ነው፤ 135 በፉል ፍሬም ላይ የሚያሳየው 85 በክሮፕ ላይ የሚያሳየውን ነውና። 200 ሚ.ሜ ኤፍ 2.8 ደግሞ ከ135ቱ ግማሽ ብርሃን ነው የሚያስገባው። ፊት ብቻ ለሚያነሳ ሰው ጥሩ ነው፤ ለማኅሌት ግን ቅድሚያ አልሰጠውም።

ሰርግ ዋና እንጀራችሁ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሙሽሮች ዳሱ ውስጥ ሲገቡ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ፣ ጨዋታው ሲደምቅ ቦታችሁን ሰው ይዘጋዋል፤ ወደፊትና ወደኋላ ማለት አይቻልም። ለዚህ ያገለገለ 70-200 ኤፍ 2.8፣ ስታቢላይዘር (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረግብ መሣሪያ) የሌለው የ1995ቱ፣ ገንዘቡን ያወጣል። 1,310 ግራም ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያዝ ዕቃ ቀላል አይደለም፣ አንድ እግር ያለው ማቆሚያ አብራችሁ ግዙ። ብዙዎች በዋጋውና በክብደቱ ተታለው የኤፍ 4ቱን 70-200 ይገዛሉ። ጥራቱ ግሩም ነው፤ ግን ግማሽ ብርሃን ብቻ ስለሆነ ለጧፍ አይሆንም። በዳስ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸምበቆ አምፖሎችና ርካሽ ኤልኢዲዎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ፎቶው ላይ ጥቁር ግርፍ ካያችሁ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ወደ 1/100 ሰከንድ መልሱት።

55-250 ኤፍ 4-5.6 ኤስቲኤምን ከእነዚህ ጋር ማሰለፌ ሊገርማችሁ ይችላል። በጣም ርካሽ ነው፣ 375 ግራም ብቻ ነው፣ ስታቢላይዘር አለው። ስታቢላይዘር የሚያቆመው የእናንተን እጅ ነው፣ የመሪጌታውን አይደለም። የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ግን ከ85ቱ ይበልጣል፤ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች በደብዛዛ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ በዝግታ ሹተር ጥርት አድርጎ ያነሳል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአዊ ፈረሰኞችን በጠራራ ፀሐይ ለማንሳትም ከበቂ በላይ ነው። ሥራችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ሌላ አትግዙ።

ኒኮን ለያዛችሁ፣ የ2012ቱ 85 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8ጂ ተመሳሳዩ ነው፤ 350 ግራም። አሮጌው 80-200 ኤፍ 2.8ዲ በርካሽ ሲገኝ ያጓጓል፤ ነገር ግን የራሱ የፎከስ ሞተር ስለሌለው ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ካሜራዎች ላይ ፎከስ በእጅ ብቻ ነው። ዲ90 ወይም ዲ7000 ከሆነ ሞተሩ ካሜራው ውስጥ ስላለ ይሠራል።

እነዚህ ሌንሶች በአብዛኛው ያገለገሉ ሆነው ስለሚመጡ ሳታዩ ብር አትላኩ። እኔ ባሕር ዳር ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ሌንስ ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስል ነበር፤ የስልኬን መብራት በኋላው በኩል ሳበራበት የመስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ተዘርግቶ አየሁ። ሐይቅ ዳር የሚቀመጥ ዕቃ እርጥበት ይበላዋል። መብራት አብሩበት፤ ቀለበቱን አዙሩ፤ አሸዋ ካንኮሻኮሸ ተዉት። ከዚያ የራሳችሁን ካሜራ ላይ ግጠሙና መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አቁማችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ፣ ዓይኑ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ 10 ፎቶ አንሱ። ሁሉንም አቅርባችሁ ሽፋሽፍቱን እዩ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ ካልሰጣችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።