የአያቴን አልቦ ጉትቻ አድርገው ስለሠሩልኝ አንጥረኛ

ቤታችሁ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አሮጌ የብር ጌጥ ካለ፣ በሚዛን ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጥሩ አንጥረኛ ፈልጉ። እኔ ያገኘኋቸው አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ በሩ ላይ ስም እንኳ ባልተጻፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራቸውን ወድጄዋለሁ፤ ቅሬታም አለኝ፤ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ይዤ የሄድኩት አያቴ ሲዳሩ ያጠለቁትን የእግር አልቦ ነው። አንደኛው እግር ጠፍቷል፤ የቀረውም ተሰንጥቆ ማንም የማያደርገው ሆኗል። ሽማግሌው ገና ሲቀበሉኝ ያደረጉት ነገር ልቤን አሳረፈው። አልቦውን ፊቴ መዘኑ፤ ግራሙን በወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ፤ ከዚያ በማይታየው ጎኑ በሞረድ ትንሽ ፋቅ አድርገው ውስጡን አሳዩኝ። እስከ ውስጥ ድረስ ነጭ ነበር። የብር ቅብ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ቀይ መዳብ ወይም ቢጫ ናስ ብቅ ይል ነበር።

«ይህ የጠገራ ብር ቅላጭ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ጠገራ ድሮ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው የብር ሳንቲም ነው፤ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የተረፈው በአብዛኛው መዳብ ነው። ዛሬ 925 የሚል ማህተም ያለበት ጌጥ ከሺህ 925 እጁ ብር ስለሆነ፣ የአያቶቻችን ብር ከእሱ ትንሽ ያንሳል፤ ግን ጠንከር ይላል፣ መልኩም ሞቅ ያለ ነው። በየሱቁ «ጀርመን ሲልቨር» እየተባለ የሚሸጠው ግን የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ድብልቅ ነው፤ አንዲት ቅንጣት ብር የለበትም። ርካሽ ጉትቻ አድርገው ጆሯቸው የሚያሳክካቸውና የሚያብጥባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ጠባቸው ከኒኬሉ ጋር ነው። ስለዚህ ብር ስትገዙ ማህተሙን እዩ፤ የድሮ ከሆነ ደግሞ ፋቅ አድርጎ ለማሳየት የማያቅማማ ሰው ዘንድ ሂዱ።

ከአልቦው ጋር አንድ ጠገራ ይዤ ነበር፤ አብሮ እንዲቀልጥ። ሽማግሌው ጠገራውን በመዳፋቸው ገልብጠው 1780 የሚለውን ቁጥር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ይህንስ አላቀልጠውም» አሉ። ቁጥሩ፣ መልካቸው በጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የተመታውም ይኸው ዓመት ነው ያለበት። ሳይበሱት፣ ከአልቦው በተረፈ ብር ክፈፍ አበጅተው አቀፉትና የአንገት ጌጥ አደረጉልኝ። ይህ ምክር ብቻውን የከፈልኩትን ያህል ያወጣል። ብረቱ የራሴ ስለነበር የከፈልኩት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ደህና የሀበሻ ቀሚስ ለማሠራት ከሚጠየቀው ያነሰ ነበር።

ጉትቻዎቹ ክብ ናቸው፤ ዳር ዳራቸው ላይ የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል። በእንክብሎቹ መካከል ያለውን ጥቁረት ሆን ብለው አልወለወሉትም፤ ቅርጹን የሚያወጣው እሱ ነው። ከጠቆረ ሰማያዊ ኮት ጋር ሳደርጋቸው ፊቴ ላይ ብርሃን ይጥላሉ። በበዓል ቀን ጥለቱ የደመቀ ቀሚስ ስለብስ ግን ጠገራውን ቤት እተዋለሁ፤ ጥበቡና ጠገራው ደረት ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ። አንገት ላይ ከባድ ጌጥ ካለ ጆሮ ላይ ትንሽ ነገር ይበቃል፤ ጆሮው ሲደምቅ ደግሞ አንገት ባዶውን ያምራል። አንድ ቀጭን አምባር ለሁሉም ይሆናል።

የምሠራው በውስጥ ኦዲት ክፍል ነው። ያገኘሁትን ጉድለት ከእኔ በዕድሜም በሥልጣንም በሚበልጡ ሰዎች ፊት ቆሜ ማቅረብ አለብኝ፤ ድምፄ ቀጭን ነው፤ ሲጨንቀኝ ደግሞ ይበልጥ ይቀጥናል። «ኃያል ነኝ፣ ማንም አያቆመኝም» የሚለውን የመስታወት ፊት ንግግር ሞክሬዋለሁ፤ አፌ ይለዋል፣ ሆዴ ግን አይቀበለውም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናትም ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅ ያለ ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ እንዲያውም ስሜታቸው እንደሚከፋ አሳይቷል። እኔን የጠቀመኝ እውነት የሆነውን ብቻ መናገር ነው። ጉትቻውን ሳጠልቅ ራሴን በስሜ ጠርቼ፣ አያቴ እኔን ይናገሩኝ በነበረበት አነጋገር፣ «አይዞሽ፤ ሰነዱን አንድ በአንድ አይተሽዋል፤ ቁጥሩ እጅሽ ላይ ነው፤ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» እላለሁ። ራስን በስም ወይም «አንቺ» ብሎ ማናገር ሰው ፊት ከመናገር በፊት የሚመጣውን ጭንቀት እንደሚያቀልም በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች አሉ።

ጌጡ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እጄ መንጠቆውን እየፈለገ ምላሴ ያን ሲል፣ ሁለቱ ተላመዱ። አሁን ስብሰባ ላይ ጭንቅ ሲለኝ ጠገራውን ነካ አደርገዋለሁ፤ ቅዝቃዜውና ክብደቱ ያንን ንግግር ይመልስልኛል፤ የምናገረውም ቀስ ይላል። ፋብሪካ ያመረተው ጌጥ ይህን አያደርግም አልልም፤ ለእኔ ግን ያደረገው ይህ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቀጠሮ አያከብሩም። «ለማርያም ይደርሳል» የተባለው ሥራ ለሚቀጥለው ወር ማርያም ነው የደረሰው፤ ለሰርግ ወይም ለበዓል የምታሠሩ ሰፊ ጊዜ ስጧቸው። የጉትቻዎቹ መንጠቆም በጣም ቀጭን ስለነበር አንደኛው ወዲያው ተጣመመ። ያለ ክፍያ በወፍራም ሽቦ ለወጡልኝ፤ ግን ከመጀመሪያውም ወፍራም መሆን ነበረበት። ስትረከቡ መንጠቆውንና የሐብሉን መቆለፊያ እዚያው ደጋግማችሁ ከፍታችሁ ዝጉ።

ስለ አያያዙ ሽማግሌው የነገሩኝ ጥቂት ነው፤ በቂም ነው። ሽቶና ቅባት ይቅደም፣ ብር ይከተል። ማታ በለስላሳ ጨርቅ ተጠርጎ በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት ይቀመጥ፤ ብርን የሚያጠቁረው አየር ውስጥ ያለ የድኝ ውሁድ ስለሆነ አየር ባነሰው ቁጥር ይቆያል። በፎይልና በቤኪንግ ሶዳ ሙቅ ውሃ መዘፍዘፉ ለልሙጥ ቀለበት ጥሩ ነው፤ እንደ እኔ ጉትቻ ቅርጽ ላለው ግን በጎድጓዳው ውስጥ ያለውን ጥቁረት ጠርጎ ስለሚያወጣው አይሆንም። ለእሱ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።