የፎርሙላ ዋን ዜና፦ የኢንተርኔት ጥቅልዎን የትኛው ገጽ ላይ ያውሉታል?

ሐምሌ 21 ቀን 2016፣ እሑድ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ጀበና ቡና የሚሸጥበት ቤት ተቀምጠን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የቤልጂየሙን የመኪና ውድድር በስልክ እንከታተል ነበር። ጆርጅ ራስል አንደኛ ገባ፤ የቡድን ጓደኛው ሉዊስ ሃሚልተን በግማሽ ሰከንድ ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ። ሒሳብ ከፍለን ተበተንን። ማታ ውጤቱ ተገልብጦ ቆየን። የራስል መኪና ሲመዘን 796.5 ኪሎ ሆኖ ተገኘ፤ ዝቅተኛው የተፈቀደ ክብደት ደግሞ 798 ነበር። ድሉ ለሃሚልተን ተሰጠ። እኔ እከታተለው የነበረ አንድ የቴሌግራም ቻናል ግን በማግስቱም «ራስል አሸነፈ» የሚለውን ጽሑፉን አላነሣም፣ አላረመም።

ጥቅል በብር ገዝቶ ዜና ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ምንጮቼን መዝኜ ነው የምይዘው።

ቅጣትን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል ያለው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ኤፍ አይ ኤ፣ ዘንድ ነው። የዳኞቹ ውሳኔ ቁጥር ተሰጥቶት በድረ ገጹ ላይ ይወጣል፤ የመኪናው ቁጥር፣ የተጣሰው አንቀጽ፣ ውሳኔውና ምክንያቱ በዝርዝር ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጥም፤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነም ኔትወርክ ሲደክም እንኳ ይከፈታል። እንግሊዝኛው የሕግ እንግሊዝኛ ነው፤ ለመድኩት።

የፎርሙላ ዋን ይፋዊ ገጾች ለውጤትና ለአጭር ቪዲዮ ጥሩ ናቸው። ቪዲዮው ግን ጥቅል ይጨርሳል፤ የጥራት ደረጃውን ዝቅ አድርጎ ማየት ይሻላል።

የቡድኖቹን ገጽ ብዙ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ያምናል። እኔ አላምንም። ሐምሌ 26 ቀን 2014 አልፒን የተባለው ቡድን ወጣቱ ነጂ ኦስካር ፒያስትሪ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን እንደሚነዳለት በይፋ አስታወቀ። ጥቂት ሰዓታት ሳይቆዩ ፒያስትሪ ራሱ በትዊተር ወጥቶ ውል እንዳልፈረመና ለአልፒን እንደማይነዳ ተናገረ። ከአንድ ወር በኋላ የውል ጉዳይ የሚያየው ቦርድ ፒያስትሪን ለፈለገው ለሌላው ቡድን፣ ለማክላረን፣ ፈረደ። ይፋዊ ገጽ የሚነግርዎት የባለቤቱን ወገን ነው፤ የዝውውር ዜና ሲሆን የሁለተኛውን ወገን ቃል ይጠብቁ።

ለዝውውር የምመርጠው ስማቸውን አስቀምጠው የሚጽፉ ጋዜጠኞችን ነው፦ የቢቢሲውን አንድሩ ቤንሰን፣ ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታተመውን የአውቶስፖርት መጽሔት፣ እንዲሁም ዘ ሬስ የተባለውን ድረ ገጽ ጸሐፊዎች። «ተረጋግጧል» እና «ይጠበቃል» የሚሉትን ቃላት ለይተው ይጠቀማሉ። ዘ አትሌቲክ የተባለው የስፖርት ድረ ገጽም ጥሩ ነው፤ ሆኖም በክፍያ ነው፤ ለዚያም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ ያለው ሰማያዊ ምልክት በገንዘብ የሚገኝ ስለሆነ የታማኝነት ማስረጃ አድርገው አይውሰዱት።

የአማርኛ ቻናሎችን አልንቅም። ቋንቋችን ነው፣ ወጣቶቹም ሌሊት ተቀምጠው ይተረጉማሉ፣ ይህ ትልቅ ልፋት ነው። ግን ዜናውን ከማን እንዳገኙት ይጻፉ። ስድስት እከታተል ነበር፤ ምንጭ የሚጠቅሱትንና ሲሳሳቱ ማረሚያ የሚያወጡትን ሁለቱን አስቀርቼ ከሌሎቹ ወጣሁ።

ሳምንታዊ ጥቅል ብቻ የሚገዙ ከሆነ የኤፍ አይ ኤ ሰነድና አንድ ጋዜጠኛ ይበቃዎታል። ወርኃዊ ከሆነ ይፋዊውን ቪዲዮ ይጨምሩ።