በግሎክ ስም የገዛሁት አፎት ሊገድለኝ ነበር

ከሜክሲኮ አደባባይ ወረድ ብሎ ካሉት ሕንፃዎች ምድር ቤት እየገባችሁ ቀበቶ፣ ቦት ጫማና የደንብ ልብስ የምትገዙ የጥበቃ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ይህችን አንብቡልኝ። ከተበላሁ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነው። ንዴቱ አልወጣልኝም።

የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። የምታጠቀው ግሎክ 17 ነው፤ በድርጅታችን ስም የተመዘገበ፣ ፈቃድ ያለው። ይህ ሽጉጥ ስሙን በወሬ አላገኘውም። ኦስትሪያዊው ጋስቶን ግሎክ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም ነበር። የአገሩ ጦር ግን በ1982 እ.ኤ.አ. ስመ ጥር ኩባንያዎች ካቀረቧቸው መካከል የእሱን መረጠ። “ፕላስቲክ ሽጉጥ” ብለው የናቁት ብዙ ነበሩ። ፖሊመር የሆነው እጀታውና አካሉ ነው እንጂ አፈሙዙና ላይኛው ተንሸራታች ብረት ናቸው። ካዝናው 17 ጥይት ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ሲውል አይከብድም። እኔ በልምምድ ተኩስ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

አንድ ነገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም። ካሉት ሦስት መጠበቂያዎች አንዱ ቃታው ላይ ነው፤ ሁለቱ ውስጡ ናቸው። ቢወድቅ እንዳይባርቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ቃታው ከተሳበ ግን ይተኩሳል፤ የሳበው ጣት ይሁን የልብስ ጫፍ አይለይም። ስለዚህ ቃታውን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን፣ አፉ የማይታጠፍ አፎት ግድ ነው። ከጦሩ ጡረታ የወጡት ሻምበላችን ሲያሠለጥኑን ስንቴ እንደነገሩን!

የድሮው አፎቴ አፉ ስለላላ አዲስ ልገዛ ሄድኩ። ሻጩን ታውቁታላችሁ። “አለቃ፣ ግባ፣ ግባ፣ ኦርጅናል አለ” የሚለው ዓይነት ነው። ከመስታወቱ ውስጥ አንድ ጥቁር አፎት አውጥቶ ሰጠኝ። በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። የቃታው ቦታ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ጎኑ ላይ “ግሎክ” የሚል ጽሑፍ አለበት። ከጽሑፉ ሥር ደግሞ የጥፍር ያህል ጭረት ነበረችው። ሻጩ “5,800 ብር” አለኝ። የደሞዜ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው ብዬ ተስማማሁ።

በቴሌብር ላኩለት። ስልኩ ጢው እንዳለ አፎቱን ከእጄ ላይ ቀስ አድርጎ ወሰደው። “ይሄ እኮ የማሳያ ነው አለቃ፣ ተጭሯል። ላንተ እሽጉን ላምጣልህ” አለኝ። ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ይዞ መጣ። ልከፍተው ስል እጁን ጫነበት። “እሽጉ ከተከፈተ አይመለስም። ያው ነው፣ አንድ ዕቃ ነው።” ደረሰኝ ስጠይቀው “ቫት 15 በመቶ ልጨምርብህ?” አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ካርቶኑ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ እጄ ላይ ሲቀመጥ እንኳን “ያንን የሞከርኩትን ስጠኝ” ማለት አልመጣልኝም። ሰው ሲገባ ሲወጣ ቦርሳ የምፈትሽ ሰው የገዛሁትን ካርቶን ሳልከፍት ወጣሁ። ይህ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ጥበቃ ክፍል ገብቼ ካዝናውን ነቀልኩ። ተንሸራታቹን ስቤ ጥይት አለመጉረሱን በዓይኔም በጣቴም አየሁ። ከዚያ ካርቶኑን ከፈትኩት። ቀለሙ ያው ነው፣ ጽሑፉም አለ። ግን ስስ ነው፤ አፉን በሁለት ጣት ስጫነው እንደ ካርቶን ተጣጠፈ። ከላይ ቁልፍ ያላት የጨርቅ ማሰሪያ አለችው። ሽጉጡን ወደ ታች ገፋ ሳደርገው ማሰሪያዋ ወደ ውስጥ ታጥፋ ቃታው ውስጥ ገባች። ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ቦታውን ያልያዘ መስሎኝ ጫን አልኩት።

ቀጭ አለ።

ጥይት ቢጎርስ ኖሮ ጭኔን በስቶት ነበር። ያቺን “ቀጭ” የሰማው አብሮኝ የነበረው ልጅ ነው፤ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

በማግሥቱ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። “ከእኛ ነው የገዛኸው ያለህ ማነው? ደረሰኝ አለህ?” አለ። የቴሌብሩን መልእክት ሳሳየው “እሱማ የቀበቶ ነው” አለኝ። አጠገቡ የቆመችው ልጅ ሳቋን ለመደበቅ አፏን ያዘች። “አለቃ፣ አንተ አከታተቱን ስለማትችል ይሆናል” ብላ ጨመረችበት። ስምንት ዓመት መሣሪያ ታጥቄያለሁ! የማሳያው አፎት ከፊቴ መስታወቱ ውስጥ ተቀምጧል። ያቺው የጥፍር ጭረት አለችበት። “ይሄኛውን ስጡኝና እንታረቅ” አልኳቸው። “እሱ አይሸጥም” አሉኝ።

የሞከራችሁትን ራሱን ካልሰጧችሁ ጥላችሁ ውጡ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። አዲስ አፎት ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ በባዶ ሽጉጥ ይሞከር።

ማሰሪያዋን በምላጭ ቆርጬ አፎቱን ለሁለት ሰነጠቅኩት፤ ሌላ ሰው አግኝቶ እንዳይታጠቀው። እኔም የድሮውን በሽቦ አጥብቄ እስከ ደሞዝ እየጠበቅኩ ነው።