የወረዳ ሰማንያ፦ ለአገልግሎቱ ሁለት ኮከብ፣ ለወረቀቱ አምስት

ነገሩ የጀመረው በመኪና ሽያጭ ነው። አሮጌዋን መኪናችንን ልንሸጥ ገዢ አገኘን፣ በዋጋ ተስማማን፣ ከዚያ ውል ለመፈራረም ሻጩ ያገባ ከሆነ ከነሚስቱ ይምጣ፣ ካላገባ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ ተባለ። መኪናዋ አብሮኝ በሚኖረው ሰው ስም ናት። ወረዳ ሄዶ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ያላገባ። ፎቶው ተለጥፎበታል፣ ማህተሙም ደምቋል። እኔ በዚያ ሰዓት ልጃችንን እያበላሁ ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል፣ እድር ላይ ከነባለቤቱ ተብሎ ተመዝግቧል፣ መንግሥት ግን ላጤ ነው ብሎ ፈረመለት።

ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዛሬ መኪና ነው፣ ነገ ቤት ቢሆንስ? ሰውየውን አምነዋለሁ፣ እሱ ላይ ችግር የለብኝም። ግን ሰው ይሞታል፣ ይጣላል፣ ወንድምና እህትም አለው።

ስለዚህ ሁለቱንም ስለቀመስኳቸው ልገምግማቸው። መጀመሪያ ያለ ወረቀት አብሮ መኖርን፣ ቀጥሎ የወረዳውን ጋብቻ። የምናገረው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ስለሚሠራው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ ማለትም የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 213። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ የራሳችሁን እዩ።

አብሮ መኖር በሕጉ ውስጥ ቦታ አለው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ስሙ ረጅም ነው፣ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር»። ድሮ ሰፈር ውስጥ «ቅምጥ» ነበር የሚባለው፣ እሱ ግን ስድብ እንጂ ስም አይደለም። እና ሕጉ ከምታስቡት በላይ ይሰጣል። ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ ሁለታችሁ በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት ገቢና ንብረት የጋራ ነው። ልጅ ከተወለደ አባቱ አብሮ የሚኖረው ሰው እንደሆነ ይቆጠራል፣ የልጁም መብት በጋብቻ ውስጥ ከተወለደ ልጅ አያንስም፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ብሎታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እኮ አብሮ በመኖር ብቻ የጋራ ሀብት የሚባል ነገር አይፈጠርም ነበር። ሴትየዋ ሃያ ዓመት እንጀራ ጋግራ፣ ሱቅ ጠብቃ ባዶ እጇን ልትወጣ ትችል ነበር። ከዚያ አንጻር ትልቅ ለውጥ ነው።

በወረቀት ላይ እንግዲህ ጥሩ ይመስላል። ችግሩ ወረቀቱ ራሱ ነው፣ ምክንያቱም የለም! አብሮ መኖርን የሚመዘግብ መስኮት የለም። ሰው ወይ አግብቷል ወይ አላገባም፣ መሀል ላይ ያለነውን ሲስተሙ አያየንም። መብትሽ የሚታየው ስትጣሉ ወይም አንዱ ሲሞት ነው፣ ያኔ ፍርድ ቤት ሄደሽ አብረን ነበርን ብለሽ ማስረዳት አለብሽ። ከነማን ጋር እየተከራከርሽ? ትናንት ለቅሶ ቤት አቅፈውሽ ሲያለቅሱ ከነበሩ ዘመዶቹ ጋር።

አንዲት የማውቃት ሴት ይሄ ደርሶባታል። አብሯት የሚኖረው ሰው ድንገት ሞተ። ከአርባው በኋላ ወንድሞቹ መጥተው «አንቺ እኮ ተከራይ ነሽ» አሏት። የእድር መዝገብ፣ ጎረቤት፣ የልጅ ክርስትና ፎቶ፣ ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ብላ የፈረመችበት ወረቀት ሁሉ ስትሰበስብ ከረመች። ኀዘኗን እንኳ በወጉ አልጨረሰችም።

እዚህ ላይ አንድ በጣም ቀጭን መስመር አለ፣ ጠበቃ ሳማክር ነው የገባኝ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ ያላስመዘገባችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ እናንተ እንደ እኛ አይደላችሁም። ሕጉ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን እኩል ጋብቻ ነው ይላል። መመዝገብ ግዴታ ነው፣ ግን አለመመዝገቡ ጋብቻውን አያፈርሰውም። የምስክር ወረቀት ባይኖር እንኳ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት እየተያዩ ከኖሩና ቤተሰቡም ጎረቤቱም እንደዚያ ካወቃቸው በዚሁ ጋብቻውን ማስረዳት ይቻላል። አብሮ መኖርም ከውጭ ሲታይ ያው ነው! ያው ቤት፣ ያው ድስት፣ ያው ጭቅጭቅ። ልዩነቱ ከባድ የሚሆነው በኋላ ነው። ባለትዳሮች የሚያገኙት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጋራ ነው፣ እኛ ሦስት ዓመት እንጠብቃለን። ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፣ አብሮ መኖርን ግን አንዱ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አበቃ። ፍርድ ቤት ክርክሩ «ጋብቻ ነበር» እና «አይ፣ አብሮ መኖር ብቻ ነበር» በሚሉት መሀል ሲሆን ማስረጃው ከሁለቱም ወገን አንድ አይነት ጎረቤት ነው። ዳኞቹን እግዜር ይርዳቸው።

በነገራችን ላይ ፈረንሳዮች ለመሀሉ መስኮት ሠርተውለታል። ፓክስ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። ጥንዶች ውል ተፈራርመው ይመዘገባሉ፣ ከጋብቻ የቀለለ ነው፣ ሲበቃቸው አንዳቸው ብቻቸውን ማፍረስ ይችላሉ። ከኛ ሕግ ጋር ሳስተያየው የገረመኝ መብቱ አይደለም፣ መመዝገቡ ነው። እኛ ጋ ሀብቱ ተሰጥቶ ደረሰኙ ተከለከለ።

እሺ፣ ወደ ወረዳው። መኪናውን ትተን ለመጋባት ወሰንን። አስቂኙ ነገር ለመኪና ያወጣው ያላገባ ማስረጃ ለሠርጉ ዋለ፣ ጋብቻ ለመመዝገብም ያው ወረቀት ነው የሚጠየቀው። የኔን ለማውጣት ግን መከራዬን አየሁ፣ መታወቂያዬ ገና እናቴ ሰፈር ስለሆነ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንዴ ፎቶሽ ጆሮሽን አያሳይም። ጆሮዬን!

የጋብቻው ዕለት ምስክር አራት ያስፈልጋል፣ ሁለት በሱ ሁለት በኔ። ከአራቱ አንዱ አጎቴ ነው፣ መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበታል። ልጅቷ ከመስኮቱ ጀርባ «ጋሼ፣ በዚህ አይሆንም» ብላ መለሰቻቸውና አንዱ ሚዜ ተብዬ ከሥራ እየሮጠ መጣ። ጋብቻውን የሚያስፈጽመው ሰው ስለ መብትና ግዴታችን ያስረዳናል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ለእኛ የተነገረን «እዚህ ጋ ፈርሙ፣ እዚህም» ነው። ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ለአገልግሎቱ ሁለት ኮከብ፣ አንዷም ለዚያች ልጅ ነው፣ መጨረሻ ላይ ቀና ብላ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እህቴ» ስላለችኝ።

ደግሞ ይሄን ወረቀት መናቅ አይቻልም። የክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበት መዝገብ፣ በ1952ቱ ሕግ ተጽፎ እያለ በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 2008 ላይ ነው። አያቴም እናቴም ይሄን መስኮት አላገኙትም።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛው፣ የተጻፈው ቀን የዘንድሮ ነው። ያለፉት ስድስት ዓመታት ያው አብሮ መኖር ሆነው ቀሩ። ያንን ለማስተካከል የጋብቻ ውል መጻፍ ይቻላል፣ በጽሑፍና በአራት ምስክር፣ እኛም ጽፈናል። ሁለተኛው ግን ጠበቃው ሲነግረኝ ወንበር ያስያዘኝ ነው። ሰማንያ ያላት ሚስት ባሏ ሳይናዘዝ ቢሞት ወራሹ አይደለችም! ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሷ ነው፣ የሱ ግማሽ ግን መጀመሪያ ወደ ልጆቹ፣ ልጅ ከሌለ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሰማንያ ማለት ውርስ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ኑዛዜውም ተጨመረ፣ እሱም «ገና ሳልሞት ቀበርሽኝ» እያለ ፈረመ።

ታዲያ ለምን አምስት ኮከብ? ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ገዢ መጣ፣ የመጀመሪያው ተሰላችቶ ሄዷል። በዚህኛው ዙር መኪናዋ ያለኔ ፊርማ አልተሸጠችም። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ፣ ስሜን ጠርተውኝ ገባሁ። እሱ «ይኸው፣ አሁን ተመቸሽ?» አለኝ። ተመቸኝ።