የባቡር ፓስ ወይስ የተናጠል ቲኬት? ከፍራንክፈርት ወደ ጎረቤት አገሮች ለሚጓዝ

ሐምሌ በገባ ቁጥር ቤቴ እንግዳ አያጣም። ከዋሽንግተን ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ፍራንክፈርት ያርፍና ሻንጣውን ሳይፈታ፣ «ብራስልስ ያለችውን አክስታችንንም፣ ቪየና ያለውን አብሮ አደጌንም ልይ፤ የባቡር ፓስ ልግዛ ወይስ በየመንገዱ ቲኬት ልቁረጥ?» ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ «የምትመለስበትን ሰዓት ታውቀዋለህ?»

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል እንጂ ምርጫው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ፓስ ማለት በመረጡት ቀን በብዙ አገሮች ባቡር የሚያሳፍር አንድ ቲኬት ነው። የተናጠል ቲኬት ደግሞ ቀደም ብሎ ለሚገዛ ሰው ርካሽ ነው። ከፍራንክፈርት ብራስልስ በቀጥታ የሚወስደው ፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ ከሳምንታት በፊት ከተገዛ በ30 ወይም በ40 ዩሮ ሊገኝ ይችላል፣ በዕለቱ ከሆነ ግን ከ100 ዩሮ ሊያልፍ ይችላል። ርካሹ ቲኬት ደግሞ ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው።

ይህ እስራት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በቡና ምክንያት ነው። ከብራስልስ የምመለስበት ባቡር 14፡25 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ25 መሆኑ ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ለመሰናበት ስነሳ አክስቴ ረከቦቱን አቀረበች። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ሲቀዳ ሰዓቴን ሰረቅ አድርጌ ባይ፣ «ሰው ቤት ተቀምጦ ሰዓት ይታያል?» ተባልኩ። በረካውን ጥሎ መነሳትማ የማይታሰብ ነው። ጣቢያው ስደርስ ባቡሩ ከሄደ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖታል። የ34 ዩሮ ቲኬቴ ተቃጠለ፤ ለቀጣዩ ባቡር የዚያን ሦስት እጥፍ ከፈልኩ። የዘገየው ባቡሩ ቢሆን ኖሮ፣ በጀርመን ደንብ መሠረት መድረሻ ላይ የ20 ደቂቃና ከዚያ በላይ መዘግየት ሲጠበቅ እስሩ ይፈታል። የአክስቴ ጀበና ግን በደንቡ ውስጥ የለም። ፓስ የያዘ ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ቀጣዩን ባቡር ተሳፍሮ ይተኛ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፓሱ። በሁለት ስም ይሸጣል፦ ከ1959 ጀምሮ ያለው ዩሬይልና በ1972 የመጣው ኢንተርሬይል። ሁለቱም ዛሬ በ33 አገሮች ይሠራሉ። በአውሮፓ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም፣ የሚገዛው ኢንተርሬይል ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከኢትዮጵያ ወይም ከዱባይ ለመጣ እንግዳ ዩሬይል። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ልዩነቱ ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር ውስጥ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አለመቻሉ ነው፤ ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ ይጠቀምበታል። ስለዚህ እንግዳዬ በፓሱ ሃምቡርግንና ሙኒክን ሲያይ እኔ አብሬው ልሄድ ብል ሌላ ቲኬት ያስፈልገኛል።

በአንድ ወር ውስጥ በመረጡት አራት ቀን የሚያስጉዘው ፓስ ለአዋቂ ሰው ሁለተኛ ማዕረግ ሲሆን ወደ 280 ዩሮ ነው። ሲካፈል አንድ የጉዞ ቀን 70 ዩሮ ይወጣዋል ማለት ነው፤ ሌላውን ስሌት ሁሉ በዚህች ቁጥር ይለኩት። ፍራንክፈርት ተነስቶ ቪየና ለመዋል 70 ዩሮ ጥሩ ነው። ከብራስልስ አምስተርዳም ግን መንገዱ አጭር፣ ቲኬቱም ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው፤ የጉዞ ቀን አያባክኑበት። ሉክሰምበርግ ውስጥማ ከ2020 ጀምሮ ባቡሩም አውቶቡሱም በሁለተኛ ማዕረግ ለማንም ነጻ ነው። እስከ 27 ዓመት ያሉ ወጣቶች ሩብ ያህል ይቀነስላቸዋል፤ 60 ለሞላቸው 10 በመቶ። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ሁለት ልጆች ከአንድ አዋቂ ጋር በነጻ ይሄዳሉ፤ የልጆቹ ፓስ ግን ከአዋቂው ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ፓሱን ከገዛ በኋላ በሚመጣው የመቀመጫ ክፍያ ነው። የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የስፔን ፈጣን ባቡሮች፣ እንዲሁም ለንደንን ከፓሪስና ከብራስልስ የሚያገናኘው ዩሮስታር፣ ፓስ ላለውም ያለ መቀመጫ ማስያዣ አያሳፍሩም። በጣሊያን ከ10 ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ዩሮስታር ላይ ወደ 30 ዩሮና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለፓስ ተጓዦች የሚለቀቀው ቦታም የተወሰነ ስለሆነ በበዓል ሰሞን ያልቃል። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድና በቤልጂየም ግን አብዛኛው ባቡር ላይ ዝም ብሎ መግባት ነው። ስለዚህ ፓስ ወደ ቪየና፣ ቡዳፔስትና ፕራግ ለሚያመራ ሰው ነው የምመክረው። ፓሪስን ብቻ ለሚፈልግ፣ ቀኑን ቆርጦ የተናጠል ቲኬት ቢገዛ ይሻለዋል።

ዶይችላንድ ቲኬትን ከፓስ ጋር የሚያምታቱ አሉ። በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ 63 ዩሮ የሆነው ይህ ወርኃዊ ቲኬት የሚሠራው በከተማ ትራንስፖርትና በዝግተኛዎቹ የክልል ባቡሮች ላይ ብቻ ነው። ከድንበር ማዶ የሚያስገባዎት ጥቂት ቦታ ነው፤ ከሙኒክ ዛልስቡርግ ደርሶ መመለስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደንበኝነቱ በየወሩ ስለሚታደስ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዙት የሚቀጥለውንም ወር ያስከፍላል። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን መያዝ አለበት።

ስዊዘርላንድን ብቻ ለሚያይ ጎብኚ የአገሪቱ የራሷ ፓስ ይበልጣል፤ የሐይቅ ጀልባውን፣ የከተማውን ትራምና ሙዚየሞችን ጭምር ይሸፍናል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ደግሞ፦ ፓሱ ቪዛ አይደለም። ብሪታንያ ከ33ቱ አገሮች አንዷ ብትሆንም የሸንገን ቪዛ አያስገባባትም። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ስለመለሰች፣ ፓስፖርቱን ቤት ትቶ በስልክ ፎቶ መጓዝ አያዋጣም።

ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ ከእናቱ ጋር ይመጣል። እርሱ 26 ዓመቱ ነው፤ ቪየናንና ቡዳፔስትን አይቶ በፕራግ ይመለሳል፣ የትኛው ከተማ ስንት ቀን እንደሚያድር ግን እርሱም አያውቅም። የአራት ቀን የወጣት ፓስ እንዲገዛ ነግሬዋለሁ። እናቱ ብራስልስ ደርሰው መመለስ ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ለእርሳቸው ርካሹን የተናጠል ቲኬት ቆርጫለሁ። የመመለሻቸውን ባቡር ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለውን መረጥኩላቸው። ቡናውን የምታፈላው ያችው አክስቴ ናት።